መጽሐፍም እንደ ጫማ ልክ አለው?

ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ አስፋልት ዳር ላስቲክ አንጥፎ መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ። ለሚያየው መድኃኒት ቤት የሚሠራ ነው የሚመስለው። ገና ጎንበስ ከማለቴ፣ «ለምንድን ነው የፈለጉት ጋሼ? ለገንዘብ ነው? ለትዳር ነው? ለፍርሃት ነው? ወይስ ለጭንቀት?» ይለኛል። መልሴን ሰምቶ ከተደረደሩት መካከል አንዱን መዘዝ ያደርግና ያቀብለኛል። የሌለው ነገር የለም። ለሰነፍ አለው፤ ለዓይነ አፋር አለው፤ ሚስቱ ላኮረፈችው አለው፤ አለቃው ለጠመደው አለው። አንድ ቀን ለቀልድ ያህል፣ «መጽሐፍ እየገዛ ለማያነብ ሰውስ?» ብለው፣ ፈገግም ሳይል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አነሣና «ይህችን ይሞክሯት፤ አጭር ናት» አለኝ።

ከእሱ ጎን ልባሽ ጫማ የሚሸጥ ሌላ ወጣት አለ። የጫማው ገዢ እንዴት እንደሚገዛ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ እግሩን ያስገባል፤ አውራ ጣቱ የሚደርስበትን በጣቱ ይጫናል፤ ሁለተኛውንም ያደርግና ወዲያ ወዲህ ይራመዳል፤ ተረከዙን ነካ ካደረገው አውልቆ ይመልሳል። የመጽሐፉ ገዢ ግን ሽፋኑን አይቶ፣ ጀርባውን አንብቦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይሄዳል። ልኩ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም።

እኔም እንደዚያው አድርጌ ገዝቼ ነበር። ለራሴ ብገዛው ኖሮ ጉዳዩ መቶ ምናምን ብር ነው፤ አይቆጨኝም። የገዛሁት ግን ለሌላ ሰው ነበር። ብዕሬን ያነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ውድ አንባቢ፣ እኔ በዚህች ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አስተማሪ ደግሞ አንድ የማይድን በሽታ አለበት፤ የተቸገረ ሰው ሲያይ የሚነበብ ነገር ይሰጠዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከረመ። እናቱ ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የምትኖረው። የወላይታ ገጠር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አያቱ ያረሱት መሬት ለልጆች፣ ከልጆች ደግሞ ለልጅ ልጆች ሲከፋፈል ለእሱ የሚደርሰው ከእንሰቱ ጓሮ ብዙም የሚያልፍ አልነበረም። ስለዚህ «ወደ መሬትህ ተመለስ» የሚለው ምክር ለእሱ ምክር አልነበረም። እህቴ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ምከረው» ብላ ላከችብኝ።

አንድ እሑድ መጣ። የማርማቸው የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለው ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማሁት። ነገሩ ረዘመብኝ። በማግስቱ ወደዚያ መጽሐፍ ሻጭ ሄጄ «ሥራ ላጣ ወጣት» አልኩት፤ መዘዘልኝ፤ ገዛሁ፤ ላኩለት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብቤ ነበር፤ ሞቅ የሚያደርጉ ነበሩ። የመጽሐፉን ስም አልጠራም፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙዎች ናቸውና አንዱን ነጥሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ባጭሩ የሚለው፣ የምታስበው ነገር ወደ አንተ ይመጣል፤ ሀብትን አስብ ሀብት ይመጣል፤ ድህነትን ከፈራህ ድህነት ይመጣል ነው።

ልጁ ተለወጠ። ሌሊት መነሣት ጀመረ። አነጋገሩ እንኳ ሌላ ሆነ። እናቱ አንዲት ጊደር ሸጣ፣ ጓደኛው የቻለውን ጨምሮ ሁለት መቶ ጫጩት ገዙ። እኔም ለባልደረቦቼ «አያችሁ፣ አንድ መጽሐፍ!» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

ከዚያ ወሬው ጠፋ። መስከረም ገብቶ ጊፋታ ደረሰ። ወላይታን የማታውቁ አንባብያን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ጊፋታ በአንድ ሌሊት የሚዘጋጅ በዓል አይደለም። ወንዶቹ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹም በማኅበራቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። የእህቴ ልጅ በዚያ ዓመት ገንዘቡን ሁሉ ዶሮ ላይ ስላዋለ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር አላዋጣም ነበር። ሥጋው ሲከፋፈል ብቅ አላለም። የእኔም ቤት አልመጣም። እናቱን ስጠይቃት «ከቤት አይወጣም» አለችኝ።

ሄድኩ። ጓሮ ባዶ የዶሮ ቤት አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ሆኑ ዶሮዎቹ?» አልኩት።

«ፈንግል ነው ይላሉ። በአምስት ቀን ውስጥ ዐሥራ አንድ ቀሩ።»

«ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?»

«የለም አጎቴ፣ የእኔ ጥፋት ነው። ጥርጣሬ ገብቶብኝ ነበር።»

የምንነጋገረው በወላይትኛ ነበር። «ጥርጣሬ» የምትለዋን ቃል ብቻ በአማርኛ ነው የተናገራት። ከየት እንዳመጣት ገባኝ፤ ከላክሁለት መጽሐፍ ነበር።

ነገሩን ዘርዝሮ አጫወተኝ። ሰኞ ዕለት አንዲቱ ዶሮ ለብቻዋ ተነጥላ ቆማለች። አንገቷ ዘመም ብሏል። ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ልሂድ ብሎ አስቦ ነበር። ነገር ግን ክፉ ሐሳብ ክፉ ነገር ይጠራል ተብሏል። ስለዚህ ሐሳቡን አባረረው። ማክሰኞ አራት ሆኑ። ማታ ዐይኑን ጨፍኖ ጤነኛ ዶሮዎች፣ የዕንቁላል ክምር፣ አዲስ ቆርቆሮ ቤት በዐይነ ኅሊናው እያየ ተቀመጠ። ረቡዕ አልቆጠራቸውም። መቁጠርም አለማመን ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው።

ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚፈውሰው መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባት ግን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ በዐይን ጠብ የሚደረግም አለ። ልጁ ስለ ክትባቱ የሚጠይቀው በመጠራጠር ነበር። «ምናልባት ይታመሙ ይሆን?» ብሎ አስቀድሞ የሚጨነቅ ሰው ነው ክትባት የሚፈልገው። እኔ በሰጠሁት መጽሐፍ የተወሰደበት ይህ ነው። ዶሮዎቹን ሊያድንለት ይችል የነበረው ጥርጣሬ ኃጢአት ሆነበት፤ ሁሉም ካለቁ በኋላም መክሰሻው ያው ጥርጣሬ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ፈጽሞ አይሸነፍም። ቢሳካልህ «ነግሬህ አልነበር?» ይላል። ባይሳካልህ «አላመንከኝም» ይላል። ይህን አካሄድ እኛ ከድሮ ጀምሮ እናውቀዋለን። ጠንቋዩ ገብስማ ዶሮ አምጣ ይላል፤ በሽተኛው ሳይድን ሲቀር «ያመጣኸው ገብስማ ሳይሆን ዛጎልማ ነው» ይላል። ልዩነቱ የዛሬው በሚያምር ሽፋን መታተሙ ነው።

«ታዲያ የምክር መጽሐፍ አይረባም ማለትህ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ምክርማ የኖርንበት ነው፤ «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» እያልን ነው ያደግነው። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «አንጋረ ፈላስፋ» ምንድን ነው? የጥበበኞች ምክር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» ርእሱ ራሱ ማን ማንን እንደሚመክር ይናገራል። አባት ልጁን ያውቀዋል። ልጁ ቁጡ ከሆነ ስለ ትዕግሥት ይነግረዋል፤ ፈሪ ከሆነ ስለ ድፍረት ይነግረዋል። ለፈሪው ስለ ትዕግሥት አይነግረውም፤ የባሰ ይቀመጣልና። የዛሬው መካሪ ግን የሚመክረውን ሰው አያውቀውም። ለሚሊዮን ሰው ስለሚጽፍ የማንንም እግር አልለካም። መለካቱ የቀረው ለገዢው ነው፤ ገዢው ደግሞ እንዳልኳችሁ ሽፋኑን ነው የሚያየው።

ለምሳሌ ዴል ካርኔጊን እንውሰድ። ካርኔጊ ከሚዙሪ ገጠር የወጣ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማታ ማታ በሰው ፊት መናገርን ያስተምር ነበር። ወዳጅ ስለ ማፍራት የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣው ከእነዚያ የማታ ተማሪዎች ልምድ ተለቃቅሞ ነው። ፈገግ በል፣ የሰውን ስም አስታውስ፣ ሲያወራ አዳምጠው ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ ተገናኝተን የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ደኅንነት ሳንጠይቅ ለማንላቀቅ ሰዎች ይህ ምክር የሰላምታ መንገድ ላይ ሌላ ሰላምታ መጨመር ነው። በሌላ በኩል አንድ ባልደረባዬ በስብሰባ ላይ እጁን ማንሣት የማይደፍር ሰው ነበር፤ የካርኔጊን የንግግር ምክር አንብቦ፣ በየሳምንቱ በዕድሩ ስብሰባ ላይ አንዳንድ ቃል እየተናገረ፣ ዛሬ የዕድሩ ዳኛ ነው። (አሁን ያስቸገረን እንዴት ዝም እናሰኘው የሚለው ነው፤ ለዚያ የሚሆን መጽሐፍ ሻጩም የለውም።) መጽሐፉ አንድ ነው። ለእሱ ልኩ ሆነ፤ ለእኔ አልሆነም።

ልክ አለመሆኑ ብቻ ቢሆን ደግሞ ምንም አይደል፤ የሚጎዳ ጊዜ አለ። ጆአን ውድ የተባለች የካናዳ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናት አለ። ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለራሳቸው ደጋግመው እንዲናገሩ ተደረገ። ቀድሞም በራሳቸው የሚተማመኑት ጥቂት ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ከበፊቱ ባሰባቸው። አፋቸው ሲናገር ልባቸው «ውሸት» እያለ ይከራከራቸው ነበር መሰለኝ። ጋብሪዬለ ኡቲንገን የተባለችው ጀርመናዊት ደግሞ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ሥራ የሚፈልጉ ምሩቃንን ሁለት ዓመት ተከታትላ፣ ሥራ አግኝተው ሲደሰቱ አዘውትረው በሐሳብ የሚስሉት ያስገቡት ማመልከቻ ጥቂት፣ ያገኙትም ደመወዝ ዝቅ ያለ መሆኑን አገኘች። ባለፈው ልምዳቸው ተመሥርተው «አገኛለሁ» ብለው የሚጠብቁት ግን ተሽለው ተገኙ። ተስፋና ሕልም እንዲህ ይለያያሉ። ይህን ጥናት ቀደም ብዬ አውቀው ኖሮ ያን መጽሐፍ እልክለት ነበር? አይመስለኝም። ብቻ ያን ጊዜ ጥናት የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር።

ደግነቱ በሌላ ወገን የሚመሰክርም አለ። ዴቪድ በርንስ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ድባቴ የጻፈውን መጽሐፍ ተመራማሪዎች ለአረጋውያን ሰጥተው ሞክረውታል፤ ቀለል ያለ ወይም መካከለኛ ድባቴ የነበረባቸው በጥቂት ሳምንታት ንባብ ተሽሏቸዋል። የጠናበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት ሳይዘነጋ ማለት ነው። መጽሐፉ ምን ያደርጋል? እርሳስና ወረቀት ያስይዛል። «የማልረባ ነኝ» ብለህ አሰብክ እንበል፤ ጻፈው፤ ከዚያ እንደ ዳኛ ማስረጃ ጠይቀው ይላል። የገዛ ሐሳብህን እንድትጠራጠር ያስተምርሃል እንጂ ጥርጣሬህን አይነጥቅህም። የእኛም አገር ሰው ዶክተር ምሕረት ደበበ የአእምሮ ሐኪም ሆነው «የተቆለፈበት ቁልፍ»ን ሲጽፉ ታሪክ አድርገው ነው ያቀረቡት። ይህ አቀራረብ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ይስማማል፤ በታሪክ ውስጥ ያለ ሰው ሲሳሳት አይቼ እኔም ይህን አደርጋለሁ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፋታ አገኛለሁና።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወዳስገረመኝ ነገር ልለፍ። «ራስን መርዳት» የሚለው ስም በዓለም የታወቀው ሳሙኤል ስማይልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 በዚሁ ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ መነሻ ግን አንድ ሰው ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ያሰበው ሐሳብ አይደለም። ሊድስ በምትባለው የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ሁለት ሦስት ድሃ ወጣቶች በክረምት ማታ ማታ እየተገናኙ የሚያውቁትን እርስ በርስ መማማር ጀመሩ። አንዱ ማንበብ ያውቃል፤ ሌላው ሒሳብ። ቁጥራቸው ሲበዛ ቤቱ ጠበባቸውና በኮሌራ ጊዜ የሕሙማን ማቆያ የነበረና ሰው ሁሉ ፈርቶ የሸሸው ክፍል ተከራዩ። ስማይልስን መጥተህ ንገረን ያሉት እነሱ ናቸው። መጽሐፉ ከዚያ ንግግር አደገ። እሱም ራሱ ቆየት ብሎ ርእሱ ሰውን እንዳሳሳተና ራስ ወዳድነትን እንደሚያወድስ ተደርጎ እንደ ተወሰደ በመጽሐፉ መቅድም ላይ ጽፏል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያ ክፍል ከዐይነ ኅሊናዬ አልጠፋ አለ። የዓለም የ«ራስን መርዳት» መጽሐፍ ሁሉ አያት የጎረቤታሞች ማኅበር ሆኖ ተገኘ!

እኛም ዘንድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ሁምቦን ታገኛላችሁ። ተራራው በማገዶና በግጦሽ ተራቁቶ፣ ጎርፍ ድንጋይ ተሸክሞ ማሳ ላይ የሚያራግፍበት ነበር። ይሁን እንጂ የተቆረጡት ዛፎች ሥር ከአፈር በታች አልሞተም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው ከ2,700 ሄክታር በላይ የሚሆን መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ፤ ከየጉቶው የሚበቅለውን ቡቃያ እየመረጡ ገረዙ፤ ደኑ ተመለሰ። በታኅሣሥ ወር 2009 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የካርቦን ንግድ መዝገብ ላይ እስከ መስፈር ደረሰ። ሥሩ ሕያው መሆኑ እውነት ነው፤ «በውስጥህ ኃይል አለ» የሚሉት መጻሕፍት በዚህ አይዋሹም። ነገር ግን አንድ ገበሬ ብቻውን ጉቶውን ቢጠብቅ የጎረቤቱ ፍየል ትበላበታለች። ፍየሏን የሚያስር ስምምነት እስኪኖር ድረስ ሥሩ ሃያ ዓመትም ከአፈር በታች ይቆያል። ያን ሁሉ ዓመት ለጉቶው «አልበቀልክም፤ ጥፋቱ የአንተ ነው» ቢባል ፍርድ ነው?

የእህቴን ልጅ ያልኩት ግን ይህን ሁሉ አይደለም። በዚያ የጊፋታ ሰሞን አጠገቡ ተቀምጬ አፌ ተያዘ። መጨረሻ ላይ «መጽሐፉን እኔም አንብቤ አልጨረስኩትም ነበር» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከሞቱት ዶሮዎች ይልቅ ይህ የገረመው ይመስለኛል።

«ታዲያ ለምን ሰጡኝ?»

ምን ልበለው? እውነቱ፣ ጊዜዬን ላለመስጠት ነበር። መጽሐፍ መስጠት ከመስማት ይረክሳል። ይህን አሁን ስጽፈው ቀላል ነው፤ ያን ዕለት ግን «ይጠቅምሃል ብዬ ነዋ» አልኩት። ይህን መልሴን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ወደ ቦዲቲ እሄዳለሁ። ለምክር አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው። መጀመሪያ ላይ ስለ ዶሮ አናወራም ነበር። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ጊዜ ከእነሱ ቤት ጥቂት ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ለዓመታት ዶሮ ያረቡ አንዲት እናት ስለ ክትባቱ እንደ ነገሩት፣ ክትባቱ ደግሞ ለብዙ ዶሮ ታስቦ በአንድ ብልቃጥ ስለሚመጣና ከተከፈተ ስለማይቆይ ጎረቤታሞቹ በአንድ ቀን አብረው ማስከተብ እንደሚሻላቸው ነገረኝ። አምስት ቤት ሆኑ። በሠላሳ ጫጩት እንደገና ጀመረ። ያዋጣው አያዋጣው ገና አልታወቀም፤ የመኖ ዋጋ እንደምታውቁት ነው።

የላክሁለትን መጽሐፍ ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም። አሁን የሚያነባት ሽፋኗ የተገነጠለ፣ የሻይ ጠብታ ያረፈባት የዶሮ እርባታ መመሪያ ናት። እሷን ከባለሙያው ተውሶ ነው ያገኛት። ስለ ሕይወት አንድም ቃል የላትም። ስለ ውኃ ማጠጫ፣ ስለ ጉዝጓዝ፣ አዲስ የመጣ ዶሮ ለብቻው ስለሚቆይበት ጊዜ ነው የምትለው። ያላወቀችው ነገር ሲያጋጥም «ባለሙያ ያማክሩ» ትላለች። ይህን የሚል መጽሐፍ በዚያ ላስቲክ ላይ ብዙም አላየሁም።

ባለፈው ስሄድ አንድ ደብተር አሳየኝ። በየገጹ መስመር አስምሯል። ቀን፣ መኖ፣ የተለቀመ ዕንቁላል፣ የወጣ ገንዘብ ይላል። በመጨረሻው ዓምድ አናት ላይ «ጥርጣሬ» ብሎ ጽፏል። ገጹን ገለጥኩት። ባዶ የሆኑ ቀናት አሉ። «ዝናብ በጣሪያው ጥግ ይገባ ይሆን?» የሚል አለ። የዚያን ዕለት ጠዋት በእርሳስ የተጻፈው ደግሞ፣ «ነጠብጣቧ ትናንትም ዛሬም ለብቻዋ ቆማለች፤ ለምን?» ይላል።

«አይተሃታል?» አልኩት።

«ገና ነኝ። ይምጡ እንያት» ብሎ ተነሣ።